በአንድ ብር ጭማሪ

ወሰኑ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ ግቢው መሃል ቆሟል። «የሻማው ሰውዬ አስራ ስድስት ሺውንም ጠቅልሎ ነው የሚወስደው» ሲል እህቱ አመለሸጋ ከመስኮቱ ወዲህ የክት ቀሚሷን እየተኮሰች ነበር። ካውያው ባለበት ቆመ። ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ብድግ ያደረገችው። እሷ የሻማ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ አምቦ ውስጥ ደግሞ ሻማ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም። አስራ ስድስት ሺው ዶላር እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልጋትም፤ ወንድሟ ከዶላር በቀር ምንም ነገር በሺህ ሸጦ አያውቅም።

«የቱ የሻማ ሰውዬ ነው?» አለችው በመስኮቱ።

ወሰኑ ቀስ ብሎ ተጉመጠመጠ፤ ውሃውን ጎመኑ ሥር ተፋ፤ አፉን በፎጣ ጠረገ። ይህን ሁሉ ያደረገው መልሱን ለማዘግየት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። «የመርካቶው ነው፣ እትዬ። አታውቂውም።»

ሰውየውን አታውቀውም፤ ዕቃውን ግን በደንብ ታውቀዋለች። ነጭ ካርቶን ላይ በቀይ የቻይና ፊደል የተጻፈበት፣ ስድስት ሻማ በሰማንያ ብር። ከጊንጪ እስከ ባኮ ያለ ሱቅ ሁሉ የፋኖስ ሥዕል ያለበትን የእነሱን ሻማ ወደ ኋላ መደርደሪያ ገፍቶ ይህን ከፊት ደርድሮታል። የእነሱ ዘጠና አምስት ብር ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ገበያ ይደራልን ነበር ይላሉ ፋብሪካው ውስጥ ያሉ ሴቶች፤ አሁን መብራት በሄደ ቁጥር የሚደራው ገበያ የሌላ ሰው ነው።

ወሰኑ መናኸሪያው አጠገብ ቁም ሣጥን የምታክል ሱቅ አለችው። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ የተሰነጠቀ መስታወት መቀየር፤ ታፔላው ይህን ይላል። ታፔላው የማይለውን አምቦ በሙሉ ያውቀዋል። ከቤሩትና ከዱባይ የተመለሱ ሴቶች፣ ልጆቻቸው የሚልኩላቸው ጡረተኞች፣ ለጉባኤ ውጭ ወጥቶ የተመለሰ መምህር፣ ሁሉም በዚያች ሱቅ በኩል ያልፋል። ባንክ ሃምሳ ሰባት የሚሰጥበትን ዶላር ወሰኑ በመቶ አስራ አምስት ይቀበላል። አመለሸጋ ስለዚህ ጉዳይ ጠይቃው አታውቅም። ማቀዝቀዣው ሲመጣ አልጠየቀችም፤ ልጇ ሩት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ላፕቶፕ ሲገዛላትም አልጠየቀችም። እሱም ቤት ውስጥ ስለ ዶላር አያወራም። ማንም ያልፈረመበት ውል ነበር፤ ዛሬ ጠዋት የጥርስ ብሩሽ አፈረሰው።

ጨጨብሳውን ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። ቅቤው ጥሩ ነበር፤ ስለ ቅቤው እንኳ ማንም አላነሳም። በመጨረሻ እሷ፣ «ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለብኝ። ስለ ረቂቅ አዋጁ ነው። የሠራተኛው ተወካይ እኔ ነኝ» አለች። ረቂቁን ከተማው በቴሌግራም ሲቀባበለው ሰንብቷል። ከባንክ ውጭ የውጭ ገንዘብ የሚገዛና የሚሸጥ እስከ አስር ዓመት ይታሰራል፤ ጠቋሚ ከተያዘው ገንዘብ ድርሻ ያገኛል። ዓላማው፣ ይላል መግቢያው፣ የሀገር ውስጥ አምራቾችን ከመዘጋት፣ ሠራተኞቻቸውንም ከመበተን ማዳን ነው።

«እኔም እመጣለሁ» አለ ወሰኑ። «ከመናኸሪያ ነጋዴዎች አንድ ሰው ላኩ ተብለን እኔን መረጡኝ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ፋብሪካው በጉደር መውጫ ነው፤ በባጃጅ አስራ አምስት ብር። ፋብሪካ ይባል እንጂ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ሁለት ማቅለጫ በርሜል፣ አራት ቅርጽ ማውጫ ማሽንና ረጅም የማሸጊያ ጠረጴዛ ነው። ሠላሳ ስምንት ሠራተኛ ነበሩት፤ ከመጋቢት ወዲህ አስራ ዘጠኙ ቤታቸው ናቸው። የቀሩት በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራሉ፤ ዛሬ ሐሙስ ሥራ የለም፤ ግን አመለሸጋን ሊሸኙ መጥተዋል። የቀዘቀዘው በርሜል ክዳን ላይ ድመቷ ተኝታለች። ድሮ በርሜሉ ትኩስ ስለነበረ ትጠጋው ነበር፤ ልማድ ሆኖባት አሁንም አለች። ሰሙ ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ከጥር ጀምሮ ቆሟል። ባለቤቱ ቀሪውን ክፍያ በዶላር ካልከፈለ አይለቀቅም፤ ባንኩ ደግሞ ተራህን ጠብቅ ካለው ዘጠነኛ ወሩን ይዟል።

ሃቦኔ ከሁሉ ቀድማ ተቀበለቻት። ሃቦኔ ማሸጊያው ላይ ከእሷ ጎን ስምንት ዓመት የቆመች፣ ቀልድ የማይጠፋባት ሴት ናት። «አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ አመለ! ሚኒስትር መስለሻል» አለችና የቀሚሷን ኮሌታ አስተካከለችላት። ከዚያ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ እየጨረሰች ምን ማለት እንዳለባት መከረቻት። የዶርቃስን እንዳትረሺ አለቻት። የሻማ ክር ገመዳ ላይ የነበረችው ዶርቃስ እናቷ ቤት ጊንጪ ገብታለች፤ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት የተቀቀለ ድንች ትሸጣለች። «አስራ ሁለት ዓመት ሻማ ሠርታ፣ ድንች!» አለች ሃቦኔ። «ድንች ነውር ነው አላልኩም። ግን እጇ ክር ነው የሚያውቀው።» አመለሸጋ አንገቷን ነቀነቀች። ጠዋት በመስኮት የሰማችውን ለሃቦኔ ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

ባለቤቱ ጋሽ ተሻለ ቢሮው ውስጥ ሦስት ገጽ ንግግር አስተይቦ ጠበቃት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የባንክ ደብዳቤዎች፣ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ ጥግ ላይ ያልተሸጠ ሻማ የሞላባቸው ካርቶኖች። ንግግሩ «ሕገወጥ የምንዛሪ ዝውውር በአምራች ዘርፉ ላይ የደቀነው ተግዳሮት» ብሎ ይጀምራል። አመለሸጋ ሁለት መስመር አንብባ ወረቀቱን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ይግለጹልኝ። የመርካቶው ሰውዬ ዶላሩን ከመንገድ በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ እንዴት በሰማንያ ብር ይሸጣል?»

ጋሽ ተሻለ ይህን ለመግለጽ ደስ አለው፤ ለባንኩም ለንግድ ቢሮውም ሃያ ጊዜ ገልጾታል። ሰውየው ለቻይናው ግማሹን ዋጋ በባንክ ይከፍላል፤ ግማሹን ከመንገድ በገዛው ዶላር በጓሮ ይልካል። ጉምሩክ የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀረጡም ግማሽ ይሆናል። ወረፋ አይጠብቅም፤ ዕቃው ወደብ ላይ አይቆምም። «እኔ ግን» አለ ጋሽ ተሻለ ደረቱን መታ አድርጎ፣ «በሕጉ እሄዳለሁ ብዬ ይኸው ከድመት ጋር ቀረሁ።»

«እርስዎስ ከመንገድ ቢገዙ?»

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ጠረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ባለፈው ሐሙስ ከአንድ ልጅ ጋር በመቶ አስራ ሰባት ተስማምቶ እንደነበረ ነገራት። ሁለት ወር ይከስር ነበር፤ ግን በሩ አይዘጋም። ማክሰኞ ልጁ ደውሎ ሌላ ሰው አንድ ብር ጨምሮልኛል አለው።

«ልጁ ማነው?»

ጋሽ ተሻለ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ አየ። መስከረምን እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ነው የሚኖረው አይደል?» አለች።

«ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ» አለ። ቀጥሎ፣ የምሩን፣ «ሕጉ ግን ያስፈልጋል፣ አመለሸጋ። ሕጉ ጠንካራ ቢሆን እኔም ያንን ልጅ አልፈልገውም ነበር» አለ። ሰውየው አላፈረም ማለት አይቻልም፤ ጆሮው ቀልቷል። ግን ያለውን አምኖበት ነው ያለው፤ እሷም ስታስበው እውነቱን ነው።

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ እስከ መናኸሪያ በእግሯ ሄደች። ወሰኑ አንድ ስልክ ገልብጦ በፒንሳ ይጎረጉራል። ሱቁ ሁለተኛ ሰው ስለማይይዝ እሷ ደጃፉ ላይ ቆመች። ከኋላዋ የነቀምቴ አውቶቡስ ረዳት ይጮኻል፤ አንዲት ሴት ሙዝ ታስመርጣለች። እህቱ ወደ ሱቁ በዓመት አንዴ እንኳ ስለማትመጣ ወሰኑ ፒንሳውን አስቀመጠ።

«ለጋሽ ተሻለ ቃል ሰጥተህ ነበር» አለች።

«እሱ ነገረሽ?» ራሱን ነቀነቀ። «ገበያ ነው፣ እትዬ። አንዱ ጨመረ፤ ማታ መጥቶ ይወስዳል።»

«አንድ ብር።»

«በአስራ ስድስት ሺህ ስታበዢው አስራ ስድስት ሺህ ብር ነው።»

«አስራ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ በዚያኛው ወገን።»

«እኔ ሴቶች አልሸጥኩም፤ ዶላር ነው የምሸጠው» አለ ወሰኑ፤ ድምፁ ግን እንደ ሁልጊዜው አልተዝናናም። «ዶላሩ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ አይጠየቅም። ልጠይቅ ብል በማግሥቱ ሥራ የለኝም።»

«የሚሄድበትን እኔ ነገርኩህ። አሁን ታውቃለህ።»

አንድ ሽማግሌ የስልካቸው ድምፅ እንደጠፋ ሊነግሩት መጡ፤ እሱም ከሚገባው በላይ በትኩረት አዳመጣቸው። አመለሸጋ መንገዱን ይዛ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሄደች።

አዳራሹ ግማሽ ሞልቷል። የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ቶሎ ለመውጣት ወደ በሩ ተጠግቶ ተቀምጧል። ለተሳታፊ አንዳንድ ጠርሙስ ውሃ ተሰጠ። ስብሰባውን የሚመሩት ኦቦ ጉርሙ፣ ረጋ ያሉ፣ ለሁሉም ሰው ሁለት ጊዜ የሚያመሰግኑ ሰው፣ በኦሮምኛ ከፈቱና በአማርኛ ደገሙት። ሲሞን የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ግድግዳው ላይ የዶላርን ዋጋ የሚያሳይ መስመር አሳየ፤ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። አንድ የባንክ ሰው ባንኩ ዶላር ቢኖረው ኖሮ ደስ እያለው ይሰጥ እንደነበር ተናገረ። አንድ የጥራጥሬ ነጋዴ ተነሥተው ከአጀንዳው ውጭ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ብዙ አወሩ፤ የተጨበጨበው ለእሳቸው ነው። ወሰኑ ከኋላ፣ ከመናኸሪያ ጓደኞቹ መሃል፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

ተራዋ ሲደርስ አመለሸጋ ወረቀቱን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። «ተግዳሮት» ላይ አደናቀፋት። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አደናቀፋት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ሻማ አሻጊ ነኝ» አለች። «እጄ ሳይቆጥር ስድስቱን ያውቃል። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምሠራው፤ ዶርቃስ የምትባል ጓደኛዬ ጭራሽ አትሠራም፤ ጊንጪ ድንች ትሸጣለች። ሰማችን ጅቡቲ ቆሟል፤ ከመርካቶ የሚመጣው ሻማ ግን አይቆምም። ምክንያቱን መምህሩ በመስመር አሳይተዋል፤ እኔ ያልገባኝ የለም። ባንክ ውስጥ የሌለው ዶላር መንገድ ላይ አለ። የእኛ ሰው ባንክ ደጅ ይቆማል፤ ያኛው መንገድ ላይ ገዝቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ሕጉ ይውጣ። ነገር ግን ሰው ማሰር ብቻ ከሆነ የእኔ በርሜል አይሞቅም። ከተያዘው ዶላር ጠቋሚ ድርሻ ያገኛል ይላል፤ ሰው ቀጥሮ ለሚያሠራ ፋብሪካ ግን ቅድሚያ ይሰጣል አይልም። ያ ይጻፍ።»

ልትቀመጥ ነበር። ከዚያ የጠዋቱ ነገር ትዝ አላት፤ ይዛው ብትቀመጥ ያናገረቻቸውን ሰዎች ሁሉ ያታለለቻቸው መሰላት።

«ደግሞ» አለች፣ «ሕጉ የሰው ቤት ብቻ ይግባ ብዬ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ። እኔም ቤት አለ፣ የምወደው ሰው ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያበላሁት። አስር ዓመት ከፈረዳችሁበት ስንቅ ማመላለስ አያቅተኝም። ማረሚያ ቤቱ ከሱቁ ይልቅ ለእኔ ይቀርበኛል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወሰኑም ከሰው ጋር ሳቀ፤ ለእሱ እንደሆነ የገባው ሳቁ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነበር። ጓደኞቹ ቀድመው ገብቷቸው ዝም አሉ፤ ዝምታው ከኋላ ወደ ፊት ወንበር በወንበር መጣ። ኦቦ ጉርሙ መነጽራቸውን አስተካክለው በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ «አዴ አመለሸጋ፣ በጣም እናመሰግናለን። የተናገሩት በሙሉ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ?» አሏት።

«የሴቶቹና የሰሙ ይግባ» አለች። «የወንድሜን ያልሰማ የለም፣ መጻፍ አያስፈልገውም።»

ዞር ብላ ስታይ የወሰኑ ወንበር ባዶ ነበር።

ስብሰባው አለቀ። ሰው እየመጣ እጇን ጨበጠ፤ ልትሰማት የመጣችው ሃቦኔ አቅፋት ጆሮዋ ውስጥ «አንቺ ሴት፣ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለቻት። አመለሸጋ ግን የምታስበው ሌላ ነው። አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ከእነሱም መሃል ስንቱ የፖሊስ ዘመድ እንዳለው ልብ ያለችው አሁን ነው። የሁሉቃን ወንዝ ስትሻገር ካፊያ ጀመረ፤ ጃንጥላዋን መዘርጋት ረሳች። የወሰኑን ክፍል ባዶ ባገኘው ለሩት ምን እላታለሁ እያለች፣ የተተኮሰው ቀሚስ ገላዋ ላይ ተጣብቆ፣ ግቢው ደረሰች።

ወሰኑ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ከፍቶታል፤ አንድ ሰውዬ ስንዴ እያሳየ አፉን ያንቀሳቅሳል። አመለሸጋ ፎጣ አንሥታ ፀጉሯን አደራረቀች፤ የምሳውን ምስር ወጥ አሙቃ እንጀራ ዘርግታ መሃላቸው አቀረበች። ተቀመጡ። አልጀመሩም።

«ሱቄ ሳልደርስ ነው የመርካቶው የደወለው» አለ ወሰኑ ስንዴውን እያየ። «ከአዳራሹ አንዱ ደውሎለታል። እህትህ በአደባባይ ከምትናገርበት ከተማ ጋር ንግድ የለኝም፣ ሁለተኛ እንዳትደውል አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ፣ ያን ያህል ገንዘብ ጎመን አይደል፣ ቤት ይዘውት አይታደርም። ለጋሽ ተሻለ ደወልኩለት። በመቶ አስራ ስድስት ወሰደው።»

«መቶ አስራ ሰባት አልነበረም የተስማማችሁት?»

«እንደጨነቀኝ አወቀ» አለ ወሰኑ በምር ተበሳጭቶ። «ያ ሽማግሌ ሲከራከር አይጣል ነው።»

አመለሸጋ ሳቋ መጣባት፤ በፎጣው አፈነችው። የመርካቶው ሰውዬ በእውነት ደውሎ እንደሆነ ወይስ ወንድሟ ራሱ ደውሎ እምቢ ብሎት እንደሆነ መጠየቅ ትችል ነበር። ፊቱን አየችውና ተወችው። እንዲህ ያለውን ነገር እሱ በአፉ ከሚናዘዝ ቢከስር ይሻለዋል።

እንጀራውን ቆርሶ ከጎረሰ በኋላ፣ «ሕጉ ቢወጣ ትጠቁሚኛለሽ?» አላት።

«አልጠቁምም። መጥተው ቢጠይቁኝ ግን አልዋሽም።»

ወሰኑ ትንሽ አሰበበት። «ጥሩ ነው» አለ። «እንግዲያው ቶሎ ሌላ ሥራ መፈለግ አለብኝ።» ቀልዱን ይሁን የምሩን ከድምፁ አላወቀችም፤ እሱም ያወቀ አይመስልም።

ወዲያው ጋሽ ተሻለ ደወለ። ሰሙ ክፍያው ተጠናቆ ሊለቀቅ ነው፤ ሴቶቹን ሁሉ ለሰኔ አስር፣ ሰኞ ጥሪያቸው አላት። ክፍያው እንዴት እንደተጠናቀቀ አልተናገረም፤ አልጠየቀችውም። «ጥሩ ተናገረች እያሉ ነው» ሲል ጨመረ። «ወረቀትዎን አላነበብኩትም» አለችው። «ሰምቻለሁ» አለ፣ ስልኩንም ዘጋ።

ስልኩን ይዛ ቆየች። ከሦስት ሰዓት በፊት በከተማው ሰው ፊት ሕግ ይውጣበት ያለችው ነገር ይኸው በርሜሉን ሊያሞቅላት ነው። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ለጋሽ ተሻለ መልሶ ደውሎ በዚህ ዶላር ሰም አልነካም ማለት ይቻላል። አስራ ዘጠኙ ሴቶች በየተራ ፊቷ ላይ መጡ፤ የአንዷም ፊት እምቢ በይ አላላትም። የሴቶቹን የስልክ ቁጥር ዝርዝር ከመሳቢያ አወጣች።

የስልኳ ጆሮ ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ስልክ ጠጋኝ ወንድም ላላት ሴት አያስገርምም። ስለዚህ በድምፅ ማጉያው ነው የምታወራው፤ ቤቱም የሴቶቹን እልልታ አንድ በአንድ ሰማ። ሰባተኛዋ ዶርቃስ ነበረች። ከጀርባዋ አውቶቡስ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይጣራል።

«ሰኔ አስር፣ ሰኞ፣ እንደ ድሮው በሁለት ሰዓት» አለቻት አመለሸጋ።

«ሰሙ ተለቀቀ?»

«ሊለቀቅ ነው።»

«ዛሬ ስብሰባ ነበር ብለውኛል። ሕጉ ወጣ ማለት ነው?»

የወሰኑ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ አየር ላይ ቆመ።

«አልወጣም፣ ዶርቃስ። ገና ነው።»

«ታዲያ ዶላሩን ማን ሰጠው? ባንኩ?»

«አንድ ሰው ነው የሰጠው» አለች አመለሸጋ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሣ፤ ዶርቃስ ድምፁን ለማሸነፍ ጮክ አለች። «ማንም ይሁን፣ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝመው። ከክፉ ነገር ሁሉ ይጠብቀው።»

አመለሸጋ ስልኩን በመዳፏ ከደነችና ወንድሟን አየችው።

«አሜን በል» አለችው።

«አሜን» አለ ወሰኑ ቀስ ብሎ፤ እሷም ስምንተኛዋን ደወለች።